ደብዳቤ ለልጄ፦ ያ የሳልሽልኝ ጀልባ

ሚጣዬ እንዴት ነሽልኝ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ እናትሽም ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ማክሰኞ ማታ ስትደውዪ ያልሽኝን ሳስበው ነው የሰነበትኩት። «አባዬ እነዛን የታሮት ካርታዎችህን አውጣና እይልኝ እስቲ፣ ለስራው ሀዋሳ ልሂድ ወይስ ልቅር» ስትዪኝ ዝም አልኩሽ አይደል፣ ኔትወርክ ተቋርጦ አልነበረም፣ የምልሽ ጠፍቶኝ ነው። እናትሽም አጠገቤ ነበረች፣ እሷ ደግሞ የካርታው ነገር ሲነሳ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልፃፍልሽ ብዬ ነው፣ ቢረዝምም እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ይሄ ታሮት የሚሉት፣ ፈረንጆች የወደፊቱን የሚጠይቁበት የስዕል ካርታ፣ እጄ እንዴት እንደገባ ነግሬሽ አላውቅም። 1997 ጥቅምት ላይ ነው፣ ክረምቱ ወጥቶ ጣና ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እንግዳ በእንግዳ ላይ የሚመጣበት ጊዜ። ጠና ያለች እንግሊዛዊት ከሁለት ወንዶች ጋር ለሶስት ቀን ጀልባዬን ተከራዩ። መጀመሪያ ክብራን ገብርኤል ሄድን፣ እዛ ደግሞ ሴት አይገባም፣ ሰዎቹ ወደ ገዳሙ ሲወጡ እኔና እሷ ጀልባው ላይ ቀረን። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከፍታ በጨርቅ የተጠቀለለ ካርታ አወጣችና መቀመጫው ላይ ትደረድር ጀመር፣ ንፋስ እንዳይወስደው ከዳር ጠጠር ለቅሜ ሰጠኋት። ቁማር ነበር የመሰለኝ። ከዛ አንዱን ገልበጥ ስታደርገው ነጭ ፈረስ። ለኔ ደግሞ ነጭ ፈረስ ማለት ጊዮርጊስ ነው፣ ሰፈራችን ደጁ ላይ አይደል ያደግነው፣ ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን ፈረሱ ላይ የተቀመጠው ጥሩር የለበሰ አፅም ነው። አማተብኩ። ከፈረሱ ስር ንጉስ ወድቋል፣ ጳጳስ እጁን አጣምሮ ይለምናል፣ አንድ ህፃን ደሞ ተንበርክኮ ቀና ብሎ ያየዋል፣ ከኋላ በሁለት ግንብ መሀል ፀሀይ አለች። «ሞት ነው፣ ግን ሰው ይሞታል ማለት አይደለም፣ የሆነ ነገር አለቀ ማለት ነው» አለችኝ። እኔ ያየሁት ግን ህፃኑን ነው። ሁሉም ሲፈራ እሱ ብቻ አልፈራም።

በነጋታው ዘጌ ወሰድኳቸው፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። መቅደሱ ዙሪያ ያለውን ስዕል አንቺም በደንብ ታውቂዋለሽ፣ በልጅነትሽ በላዔ ሰብእን ስታዪ ሱሪዬን ይዘሽ የምትደበቂው (እናትሽ ቀሚሴን ነው እንጂ ያንተን ሱሪ አይደለም ትላለች፣ ይሁን)። ለእንግዳዋ በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ እንደበላ፣ በመጨረሻ ለአንድ ለተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ እንደሰጠ፣ ሚዛኑ ላይ 78ቱ ነፍስ ባንድ በኩል ጥርኟ ውሃ ባንድ በኩል ሲደረግ እመቤታችን ጥላዋን ጣል እንዳደረገችለት ነገርኳት። ሴትዮዋ «ስንት አልክ?» አለችኝ። ሰባ ስምንት። ካርታዋን ከቦርሳ አውጥታ «ይሄም ሰባ ስምንት ነው» አለችና ሚዛን የያዘችውን አስራ አንደኛዋን ካርታ ፈልጋ አሳየችኝ፣ በአንድ እጅ ሰይፍ ባንድ እጅ ሚዛን። ሁለታችንም ዝም ብለን ስዕሉ ስር ቆምን። ከዚህ ተነስቼ ምንም አልልሽም፣ ቁጥር ይገጣጠማል። ግን የሰውነቴ ፀጉር ቆሞ ነበር። በሶስተኛው ቀን ስትሄድ ካርታውን እንዳለ ለኔ ሰጠችኝ፣ ከሆቴሉ ወረቀት ላይ የያንዳንዱን ትርጉም ባጭሩ ፅፋ።

እንደዛ ነው የጀመርኩት። ከዛ በኋላ ለሚመጡ እንግዶች እያወራሁ አንዱ ሲመለስ ሌላ ይልክልኝ ጀመር፣ በስምንት አመት ውስጥ ሰባት ፓኮ ሆነልኝ። ከፈረንሳይ የመጣ አለኝ የማርሴይ የሚባል፣ ቀለሙ ደመቅ ያለ ቀይና ሰማያዊ ነው፣ እሱ ላይ ሚዛኗ አስራ አንደኛ ሳይሆን ስምንተኛ ናት፣ አስራ ሶስተኛው አፅም ደሞ ቁጥር እንጂ ስም አልተፃፈበትም። አንዲት ጀርመናዊት የላከችልኝ ሌኖርማንድ የሚባል 36 ብቻ ነው፣ እሱ ቤት፣ ውሻ፣ ደብዳቤ፣ ዛፍ እንደዚህ ግልፅ ግልፅ ያለ ነገር ነው፣ ሶስተኛው መርከብ ስለሆነ እሱን በጣም እወደዋለሁ። የቀሩት ያን ያህል አይደሉም።

እኔ አስጎብኚም ስለሆንኩ የነገርን ስር መጠየቅ ልማዴ ነው፣ ስለዚህ ስልክ ከገዛሁ በኋላ ፈልጌ ፈልጌ አነበብኩ። የሚገርምሽ ታሮት መጀመሪያ ጭራሽ የጥንቆላ አልነበረም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ የመኳንንት ጨዋታ ነበር፣ ልክ እኛ ሰፈር ኮንከር እንደሚጫወቱት። ከሶስት መቶ አመት በላይ ቆይቶ በ1781 (በፈረንጅ) ኩር ደ ዤብላን የሚባል ፈረንሳዊ ይሄ የጥንት ግብፅ ካህናት ጥበብ ነው ብሎ ፃፈ፣ ማስረጃ የለውም፣ የግብፅ ፅሁፍ ራሱ መነበብ የተቻለው በ1822 ነው። ሰው ግን ወደደው፣ ከዛ ወዲህ ነው ካርታው የሚጠየቅበት ሆኖ የቀረው። ታሪክ ሲያምር ሰው እንዴት እንደሚቀበለው ጀልባ ላይ ስንቴ አይቻለሁ መሰለሽ።

ያ የመጀመሪያው ፓኮዬ ደግሞ በ1909 (እሱም በፈረንጅ) ለንደን የታተመ ነው፣ የሳለችው ሴት ናት፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ትባላለች። በጥቂት ወር ውስጥ ሁሉንም ስላ የተከፈላት ትንሽ ነው፣ በ1951 እዳ ውስጥ ሆና ሞተች፣ ስሟም ብዙ ጊዜ አይነሳም ነበር። በእያንዳንዱ ካርታ ጥግ ግን እባብ የመሰለች ጠመዝማዛ ፊርማ አለቻት። እኔ ያንን ፊርማ በአያትሽ መነፅር አንድ በአንድ ፈልጌ አገኘሁት፣ አንዳንዱ ሳር ውስጥ ነው፣ አንዳንዱ ውሃ ውስጥ። እዚህ ጣና ገዳማት ውስጥ ያንን ሁሉ ስዕል የሳሉት ሰዎች አብዛኞቹ ስማቸው የለም፣ እሱ ያሳዝነኛል ሁሌም።

እና ጠዋት ጠዋት ሞተር ከማስነሳቴ በፊት አንድ ካርታ እገልጥ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ካርታው አንድም ቀን የሚሆነውን ነግሮኝ አያውቅም፣ ግን ስዕሉን ሳይ ሆዴ ውስጥ ያለው ይወጣ ነበር። አያትሽ ነፍሷን ይማርና ሲኒ ታይ ነበር፣ ቡናው ካለቀ በኋላ ሲኒውን ደፍታ አተላው የሄደበትን እያየች «መንገድ አለብሽ» ምናምን የምትለው፣ እሷም እኮ የሰዉን ፊት ነበር የምታየው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በ2004 ነው። አብሮኝ የሚሰራ ጀልበኛ፣ ስሙን አልጠራም፣ 3 ሺህ ብር ጠፋበት። ያኔ 3 ሺህ ብር ብር ነበር። ወደብ ላይ እንግዳ እየጠበቅን ሳለ «እስቲ በዛ ካርታህ እይልኝ» አለኝ፣ ለጓደኞቼ ማየት ለምጄ ነበርና አወጣሁ። ሰባተኛው ሰይፍ የሚባለው ካርታ ወጣ። ሰውዬው ከድንኳን አምስት ሰይፍ ታቅፎ በእግሩ ጣት ይሾልካል፣ ሁለቱን ትቶ ወደ ኋላ እያየ ፈገግ ብሏል። ሌባ ነው፣ እና ቅርብ ሰው ነው አልኩት። ይቺን «ቅርብ ሰው» የምትለዋን ካርታው ላይ ማንም አልፃፋትም ሚጣዬ፣ ከኔ አፍ ነው የወጣችው። እሱም ወዲያው ረዳቱን አሰበ፣ የዘጌ ልጅ ነው አስራ ሰባት አመት ቢሆነው ነው። ልጁ ማለ ተገዘተ፣ አለቀሰ፣ አልሰማውም፣ ሰው ፊት አዋርዶ አባረረው። በሶስተኛው ሳምንት ብሩ በላስቲክ እንደተጠቀለለ የባትሪው ሳጥን ስር ተገኘ፣ ራሱ ነው ለካ ያስቀመጠው። ልጁ ግን በዛን ጊዜ ሰሊጥ ለማጨድ መተማ ሄዷል።

ዘጌ እናቱ ቤት ሄድኩ። ቡና እየለቀመች አገኘኋት፣ ቁጭ ብዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፣ ልጅሽን ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ አልኳት። ዝም አለች። ጣቷ ላይ ቀይ የቡና ገለፈት ተጣብቆ ነበር፣ በነጠላዋ ጥርግ አደረገችና ገብታ ጀበናውን አምጥታ ቡና ቀዳችልኝ። ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ። ያንን ቡና ጠጥቼ መነሳት አቅቶኝ ጀልባው ላይ እስኪመሽ ቆየሁ። ልጁን ሁለት ጊዜ መተማ ለሚሄዱ ሰዎች አደራ ብዬ አስፈለግኩት፣ አልተገኘም።

ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ዘዳግም 18ን ገልጠው አነበቡልኝ፣ ሟርት የሚያሟርት አስማት የሚያደርግ በመካከልህ አይገኝ የሚለውን፣ ከዛ ቀኖና ሰጡኝ፣ ካርታውን አቃጥለው አሉኝ። ቀኖናውን ፈፀምኩ። መጠየቁንም ከዛ ቀን ጀምሮ ተውኩ፣ ለሰውም ለራሴም። ማቃጠሉን ግን አልቻልኩም፣ ይሄንን ለሳቸውም አልደበቅኩም። እናትሽ የምትቆጣውም ለዚህ ነው፣ እውነት አላት።

ያላቃጠልኩበት ምክንያት ደሞ አንቺ ነሽ። 2000 ላይ ከዘጌ ስመለስ ከሰአት ነበር፣ የጣናን ከሰአት ንፋስ ታውቂዋለሽ፣ ማዕበሉ ጀልባው ውስጥ ገባና የመጀመሪያው ፓኮ ያለበት ቦርሳ ተገለበጠ። ለቅሜ ለቅሜ ቤት አምጥቼ አልጋ ላይ ዘርግቼ ሳደርቀው 77 ሆነ። የጠፋው ስድስተኛው ሰይፍ ነው። እሱ ላይ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ጀልባ ነው። ሰውዬው በዘንግ እየገፋ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፣ ፊት ለፊቱ የተከናነበች ሴትና ልጅ ተቀምጠዋል፣ ስድስት ሰይፍ ጀልባው ላይ ተሰክቷል፣ ባንድ በኩል ውሃው ይናወጣል ባንድ በኩል ፀጥ ብሏል። ከ78ቱ ውስጥ የኔ የምለው እሱ ነበር፣ ጣና ወሰደው።

ያኔ ሰባት አመትሽ ነው። የብስኩት ካርቶን በመቀስ ልኩን ቆርጬ «ጀልባ ሳዪልኝ፣ ሶስት ሰው ያለበት፣ ስድስት ነገር ጨምሪበት» አልኩሽ፣ ለምን እንደሆነ አልነገርኩሽም። አንቺ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ታንኳ ሳልሽ፣ የደንገሉን ገመድ ሳይቀር እያንዳንዷን አስረሽ። እኔን ቆሜ፣ እናትሽን በነጠላ፣ ራስሽን በሁለት ሹሩባ። ስድስቱ ነገር ደሞ ስድስት አምባዛ ነው፣ ፂም ፂም ያላቸው፣ ታንኳው ላይ ተጋድመው። ያ ካርቶን እስከዛሬ ፓኮው ውስጥ ነው ያለው።

እና ልጄ፣ ስለ ሀዋሳው ካርታ አላይልሽም። «ሂጂ» የሚል ቢወጣ ሄደሽ ቢከፋሽ፣ «ቅሪ» የሚል ቢወጣ ቀርተሽ ቢቆጭሽ፣ ያቺ የዘጌ እናት የቀዳችልኝን ቡና ድጋሚ መጠጣት ነው የሚሆንብኝ፣ እሱን አልችልም። የአባትሽን ሀሳብ ከፈለግሽ ግን በአፌ ልንገርሽ። ደሞዙ እንዳልሽው ከሆነ፣ ቤት ኪራዩን ቀንሰሽ የሚተርፍሽን ወረቀት ላይ ፃፊው። ሳትፈርሚ በፊት ለሶስት አራት ቀን ሄደሽ ሰፈሩንም መስሪያ ቤቱንም እይው፣ የአውቶቢሱን እኔ እልካለሁ። አዲስ አበባ ከገባሽ ጀምሮ ድምፅሽ ደክሞብኛል፣ ይሄን ያልኩሽ ከስዕል አይቼ አይደለም፣ ስትደውዪ ስለምሰማሽ ነው። ሀዋሳም ሀይቅ አለ፣ ውሃ ዳር ያደገ ሰው ውሃ ሲያይ ትንፋሹ ይመለሳል መሰለኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደውዪ፣ እናትሽ ቡና ታፈላለች፣ ሶስታችን እናወራበታለን። ሽሮውና በርበሬው ሐሙስ በሚመጣ ሰው እጅ ነው፣ እንዳይረሳ ደውለሽ ተቀበይው። ካርቶኑን ፎቶ አንስቼ ልልክልሽ ፈልጌ ነበር፣ ግን አረንጓዴው እየደበዘዘ ነው፣ ለፋሲካ ስትመጪ ቁምሳጥኑ ላይ ነው፣ በእጅሽ ይዘሽ እይው።

አባትሽ
ከባህር ዳር