የሥራ አመልካችን ዕዳ ስለ መመርመር፤ ለእህቴ ወደ ሐዋሳ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እማዬና አባባስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ የጠየቅሽኝም ጉዳይ በስልክ ጥቂት ተነጋግረን የምናልፈው ስላልመሰለኝ ጊዜ ወስጄ በጽሑፍ ልመልስልሽ ወደድሁ።

ሥራ አስኪያጃችሁ ለገንዘብ ያዥነት፣ ለግምጃ ቤትና ለሽያጭ ሥራ የሚያመለክቱ ሰዎች ከዋስ በተጨማሪ «ያልተከፈለ ብድር የለበትም» የሚል ደብዳቤ ከባንክ እንዲያመጡ፣ ከቴሌብር የተበደሩትንም ስልካቸውን ከፍተው እንዲያሳዩ ሐሳብ ማቅረባቸውን፣ ለዚህም የሰጡት ምክንያት በአሜሪካ የሚሠራበት መሆኑ እንደሆነ፣ አንቺም በሰው ሀብት ክፍል ያለሽ በመሆኑ የመመሪያውን ረቂቅ እንድታዘጋጂ መታዘዝሽን ጽፈሽልኛል። እዚህ ሀገር እንዲህ የሚያደርጉ ቀጣሪዎች መኖራቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ በጉዳዩ ላይ ሕግ አውጪዎቹም አሠሪዎቹም ሳይስማሙ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ እኔም ያየሁትንና ያነበብሁትን አመዛዝኜ ይህን ነገር ወደ መሥሪያ ቤታችሁ እንዳታስገቡት አጥብቄ እመክርሻለሁ።

አሠራሩን ላስረዳሽ። ኢኪፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ትልልቅ ኩባንያዎች የሰዉን የብድር ታሪክ መዝግበው ይይዛሉ። የክሬዲት ካርድ፣ የመኪና፣ የቤትና የትምህርት ብድር፣ ሳይከፈል ቀርቶ ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ሒሳብ፣ በፍርድ ቤት የታወጀ ኪሳራ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። የእኛ ሰው እዚህ በተገናኘ ቁጥር የሚያወራለት ከ300 እስከ 850 የሚደርሰው ነጥብ ለቀጣሪ አይሰጥም፤ ቀጣሪው የሚያየው ዝርዝሩን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቀጣሪው ይህን ዝርዝር ከማስመጣቱ በፊት በተለየ ወረቀት አሳውቆ የአመልካቹን የጽሑፍ ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ባየው ነገር ምክንያት ሥራውን ሊከለክለው ካሰበም ውሳኔውን ከማጽናቱ በፊት የሪፖርቱን ቅጂና የመብቱን መግለጫ እንዲሰጠው ያስገድደዋል። ያልተከፈለ ዕዳ በአብዛኛው ለ7 ዓመት፣ ኪሳራ ደግሞ እስከ 10 ዓመት በመዝገብ ይቆያል።

ሕጉ በወረቀት ላይ ሲነበብ አመልካቹን የሚጠብቅ ይመስላል። በተግባር እንዴት እንደሚሠራ የተረዳሁት ግን ቤት አብራን በተከራየች የሀገራችን ልጅ ላይ በደረሰው ነው። ልጅቷ በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች ስትሆን፣ አንድ ሆቴል የሌሊት ሒሳብ ለሚዘጋ ሠራተኛ ያወጣውን ማስታወቂያ አይታ አመለከተች፤ ፈተናውን አለፈች፤ ቃለ መጠይቁንም ጨርሳ ሥራ የምትጀምርበት ቀን ሳይቀር ተነገራት። ከሌሎች ቅጾች ጋር የብድር ታሪኳ እንዲታይ የሚፈቅደውን ወረቀት ፈረመች። እንዴት አትፈርም? ሥራ የሚፈልግ ሰው በጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጠው ቀጣሪ «አልፈቅድም» ብሎ ሥራውን ያገኛል ብሎ የሚያስብ ማንም የለም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወፈር ያለ ፖስታ መጣላት፤ ማታ አብረን ከፍተን አነበብነው። ክሬዲት ካርዷን በየወሩ በጊዜው እንደከፈለች የሚያሳይ መስመር በመስመር ተደርድሯል፤ የመኪናዋም ብድር እንደዚያው። በመጨረሻው ገጽ ግን ከሁለት ሺህ ዶላር ጥቂት የሚበልጥ የሆስፒታል ዕዳ ለሰብሳቢ እንደተላለፈ ተጽፏል። ሥራ ላይ ሳለች ራሷን ስታ አምቡላንስ የወሰዳት ጊዜ የመጣ ሒሳብ ሲሆን፣ ደብዳቤው ይላክ የነበረው ቀድሞ ትኖርበት ወደነበረው አድራሻ ስለነበር ዕዳውን ያወቀችው ያን ማታ ነው። በእውነት ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው። ከሪፖርቱ ጋር የተያያዘው ደብዳቤ ስሕተት ካለ ታስተካክል ዘንድ አምስት ቀን ይሰጣታል። መዝጋቢው ኩባንያ ግን አቤቱታ ሲቀርብለት ለማጣራት በሕግ የሚፈቀድለት 30 ቀን ነው። እርሷ አቤቱታዋን ጽፋ ሳትጨርስ ሆቴሉ ሌላ ሰው ቀጠረ። የሆቴሉ ሰዎች ሕጉን አልጣሱም፤ የታዘዙትን ደረጃ ሁሉ ፈጽመዋል፤ እኔን ያስቆጣኝም ይኸው ነው።

ይህን የምጽፍልሽ የአንዲት ልጅ ዕድል ነው ተብሎ እንዳይታለፍ ሌላውንም ልጨምር። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት ከአምስት ሰዎች አንዱ ካሉት ሦስት ሪፖርቶች ቢያንስ በአንዱ ላይ አቤቱታ አቅርቦ የተስተካከለለት ስሕተት ተገኝቶበታል። በአባታችን ስም ለምንጠራ ለእኛ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ስሙና የአባቱ ስም የተለመደ የሆነ ሰው የሌላ ሰው ዕዳ በእርሱ መዝገብ ውስጥ ሊገባበት ይችላል። የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው በነዚህ መዝገቦች ላይ የነበረው የሕክምና ዕዳ ብቻ 88 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ኋላ ሦስቱ ኩባንያዎች ከ500 ዶላር በታች የሆነውን የሕክምና ዕዳ አወጡት፤ የቀረውንም ለማስወጣት ቢሮው ያወጣውን ደንብ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 በቴክሳስ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። ስለዚህ ታሞ ሆስፒታል የገባ ሰው ዛሬም ለሥራ ሲወዳደር ሕመሙ በዕዳ መልክ ይከተለዋል።

ሥራ አስኪያጃችሁ «ዕዳ ያለበት ሰው ይሰርቃል» የሚል ፍራቻ እንዳላቸው እገምታለሁ፤ በግምጃ ቤት ዕቃ ጎድሎባቸው ስለነበር ፍራቻቸውን አልንቀውም። ሆኖም ይህን ማስረጃ በመሸጥ የሚተዳደረው የትራንስዩኒየን ተወካይ እ.ኤ.አ. በ2010 በኦሪገን ለሕግ አውጪዎች ቀርቦ ሲጠየቅ፣ በሰው የብድር ሪፖርትና በሥራ ብቃቱ ወይም በማጭበርበር ዝንባሌው መካከል ግንኙነት መኖሩን የሚያሳይ ጥናት ኩባንያቸው እንደሌለው ተናግሯል። የተመሰከረላቸው የማጭበርበር መርማሪዎች ማኅበር በየሁለት ዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት ከአጭበርባሪዎች ላይ በብዛት የሚታየው ምልክት ከአቅም በላይ መኖር እንደሆነ ይገልጻል። የገንዘብ ችግርም ከምልክቶቹ አንዱ ነውና ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ነገር ግን እነዚህ በሥራ ላይ ባለ ሠራተኛ ላይ የሚታዩ ነገሮች ናቸው፤ ለማጭበርበር በር ከሚከፍቱት ድክመቶች ደግሞ ዋናው የውስጥ ቁጥጥር አለመኖሩ ነው ይላል ያው ሪፖርት። አብዛኞቹም ከዚያ በፊት በወንጀል ተፈርዶባቸው የማያውቁ ናቸው። እንግዲህ የሰውን የቀድሞ ወረቀት በማገላበጥ ሌባውን ቀድሞ ማወቅ የሚቻል አይመስለኝም።

እኔ በምኖርበት አካባቢ ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው ድንበሩ ነው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሕግ፣ ከባንክና መሰል ተቋማት እንዲሁም የብድር ታሪክ ከሥራው ጋር በቀጥታ ከሚያያዝባቸው ጥቂት የሥራ መደቦች በቀር ቀጣሪዎች የአመልካችን የብድር ታሪክ እንዳይጠቀሙ ከልክላለች፤ ዋሽንግተን ዲሲም ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ እንዲሁ። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ሕግ የላትም። ያቺ ልጅ ድልድዩን ተሻግራ በዲሲ ለተመሳሳይ ሥራ ብታመለክት ኖሮ ያ የመጨረሻ ገጽ ጨርሶ አይነበብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ከጀመረው በኋላ ኢሊኖይን፣ ካሊፎርኒያንና ኮሎራዶን ጨምሮ በርከት ያሉ ክፍለ ሀገራት ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። ለመላው ሀገር እንዲሆን ሴናተር ኤልዛቤት ዋረን እ.ኤ.አ. በ2013 ያቀረቡት ረቂቅ ግን ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። ስለዚህ «አሜሪካኖቹ እንዲህ ይሠራሉ» ሲባል የትኞቹ አሜሪካኖች ብለሽ ብትጠይቂ ድፍረት አይሆንብሽም።

ከሕጉ ተቃዋሚዎች በኩል ያለውን አንድ ከባድ ነገርም ልንገርሽ፤ ምክንያቱም በስብሰባው ላይ ሊነሣብሽ ይችላል። በቦስቶን የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በኩል እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዲህ ያሉ ክልከላዎች በወጡባቸው ቦታዎች ቀጣሪዎች የበለጠ የትምህርትና የሥራ ልምድ መጠየቅ እንደጀመሩ፣ ይህም ጥቁር አመልካቾችን እንደጎዳ አሳይቷል። ይህን ሳነብ ብዙ አሰብሁበት። እኔ የተረዳሁት አንዱን ወንፊት አንሥቶ ሌላውን ማጥበቅ ፍትሕ እንደማያመጣ ነው እንጂ፣ የዕዳ ምርመራ ጥሩ ነበር ማለትን አይደለም። በረቂቅሽ ውስጥ ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ የሚያስፈልገው ችሎታ ምን እንደሆነ በግልጽ ተጽፎ ከዚያ በላይ ምንም እንዳይጠየቅ ካደረግሽ ይህን አደጋ ታስቀሪዋለሽ።

አሁን ወደ ሐዋሳ ልመለስ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ከየወረዳው የመጡ ወጣት ሴቶች በፓርኩ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት እየተከራዩ እንዴት ተስፋ አድርገው እንደነበር ታውቂያለሽ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021 ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮም ኢትዮጵያ በአሜሪካ መንግሥት ውሳኔ፣ ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ለማስገባት ከሚያስችለው ከአጎዋ ስትወጣ ብዙዎቹ ከሥራ ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን ብድሮች ጀመረ። ሥራ ያጣች ልጅ የቤት ኪራይ ከፍላ ለወላጆቿም ጥቂት ልካ ለመኖር ከዚህ ብትበደርና መመለሻው ቢዘገይባት፣ ዛሬ ወደ እናንተ መጥታ ለሽያጭ ሥራ ስታመለክት ስልኳ ላይ የሚታየው ዕዳ የሚናገረው ዋሽንግተን ውስጥ ስለተወሰነ ውሳኔ ነው። ስለ እርሷ ታማኝነት አንድም ቃል አይናገርም። ሥራ የከለከላችኋት እንደሆነ ደግሞ ዕዳዋን የምትከፍልበትን ብቸኛ መንገድ ዘጋችሁባት ማለት ነው።

ስለ ዋስም ጠይቀሽኛል። ዋስ መጠየቅ ራሱ ከእንከን የጸዳ አይደለም፤ ደመወዝተኛ ዘመድ የሌለው የገጠር ልጅ ዋስ ከየት ያመጣል? ቢሆንም ዋስ ሰውየውን የሚያውቅና ወደፊት ለሚጎድለው ነገር በፊርማው የሚጠየቅ ሰው ነው። አባባ ለጎረቤታችን ልጅ ዋስ ሊሆኑ ሲሄዱ አስተዳደጉን ስለሚያውቁ ነበር የፈረሙት፤ የልጁን ብድር የጠየቀ አልነበረም። የባንኩ ደብዳቤ ግን ያለፈውን ብቻ ቆጥሮ ለሚመጣው ምንም ኃላፊነት አይወስድም። ከዚህም በላይ የብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል የተቋቋመው አበዳሪዎች ለማበደር ሲወስኑ እንዲጠቀሙበት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣም ወዲህ የሰውን የግል መረጃ ለአንድ ዓላማ ተሰብስቦ ሳለ ለሌላ ዓላማ መጠቀም የሚያስጠይቅ ነገር ስለሆነ፣ የመሥሪያ ቤቱን የሕግ ባለሙያ ሳታማክሪ አመልካች ስልኩን ከፍቶ እንዲያሳይ የሚል ቃል በረቂቁ ውስጥ እንዳታስገቢ።

በምትኩ ሥራ አስኪያጃችሁ የሚፈልጉትን ጥበቃ የሚሰጡ ነገሮችን አቅርቢላቸው። ገንዘብ የሚቀበለውና ሒሳቡን የሚመዘግበው ሰው የተለያየ ይሁን፤ የዕለቱ ገቢ ማታውኑ በሁለት ሰው ፊርማ ይዘጋ፤ የግምጃ ቤት ቆጠራ ቀኑ ሳይነገር በድንገት ይደረግ፤ ግምጃ ቤት ያዡ የዓመት ፈቃዱን በግድ እንዲወጣና በዚያ ጊዜ ሌላ ሰው እንዲተካው ይሁን፤ ለብዙ ጊዜ ተሸፍኖ የቆየ ጉድለት ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ተተኪ ሲገባ ነውና። ለአዲስ ሠራተኛ ደግሞ የቀድሞ አለቃውን በስልክ አነጋግሪ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሚፈቅደውን 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜም በሚገባ ተጠቀሙበት። እነዚህ ሁሉ ዕዳ ያለበትንም የሌለበትንም እኩል ይጠብቃሉ።

ምናልባት ይህ ሁሉ ተነግሯቸው አሁንም አይሆንም ካሉ፣ ቢያንስ ጥያቄው ብዙ ገንዘብ በእጃቸው ለሚያልፍ አንድ ሁለት የሥራ መደቦች ብቻ እንዲወሰን፣ አመልካቹ ተመርጦ ካለቀ በኋላ እንጂ በምዝገባ ጊዜ እንዳይጠየቅ፣ የዕዳውንም ምክንያት በቃሉ የሚያስረዳበት ጊዜ ሳይሰጠው እንዳይወሰንበት፣ ወረቀቱም በማኅደሩ ውስጥ እንዳይቀር አድርገሽ ጻፊ። ይህ ግን የመጨረሻው አማራጭሽ ይሁን፤ ከዚህ አትጀምሪ።

ረቂቁን ለስብሰባ ከማቅረብሽ በፊት በቴሌግራም ላኪልኝ፤ የሜሪላንድን ሕግ ዋና ዋና ነጥቦች በአማርኛ አሳጥሬ እልክልሻለሁ፣ ሥራ አስኪያጁም ራሳቸው ያነቡታል። እማዬንና አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ዘመድ ጎረቤቱንም ሁሉ ሰላም በይልኝ።

አክባሪ ወንድምሽ