ቤቱ ሳይለካ የእድሳት ዋጋ አይቆረጥ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ አዳዲስ ሕንፃዎች ብዙ ይጻፋል፤ ሰው እየኖረበት ስለሚታደስ ቤት የሚጻፈው ግን እምብዛም ነው። ይህን ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚይዙት ሁለት ሦስት ባለሙያ ያላቸው ትናንሽ የአርክቴክቸር ቢሮዎች ናቸው። ከባለቤት ጋር የሚያጋጫቸውም፣ ለኪሳራ የሚዳርጋቸውም በአመዛኙ አንድ ነገር ነው፦ ቤቱ ሳይለካና ሳይመረመር የዲዛይኑ ዋጋ መቆረጡ። ልኬትና ምርመራው ራሱን የቻለ ውል፣ ራሱን የቻለ ክፍያ ሊኖረው ይገባል እንላለን። ምክንያታችን ይህ ነው።

ባለቤቱ አሮጌ ፕላን ይዞ ይመጣል። ያ ፕላን የሚያሳየው ሊሠራ የታሰበውን ቤት ነው። ግንበኛው መስኮቱን ገፋ አድርጎት ይሆናል፤ ልስኑ ሦስት ሴንቲ ወፍሮ ይሆናል፤ ኋላ የተቀጠለው ክፍል ደግሞ ከነጭራሹ አልተሳለ ይሆናል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ የተሣለ ወጥ ቤት፣ ቁምሳጥኑ ተሠርቶ ሲመጣ አይገባም።

120 ካሬ ሜትር ለሚሆን ቤት ሁለት ሰው አንድ ሙሉ ቀን ይለካል፤ ለመሣል ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይጨመራል። አንዱ ይለካ፣ ሌላው ይጻፍ፤ ብቻውን የሚለካና የሚጽፍ ሰው ቁጥር ይገለብጣል። በየግድግዳው ላይ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ሜትሩን ሳያነሡ በሩን፣ መስኮቱንና ኮለኑን (ምሰሶውን) እየደመሩ ማንበብ ይሻላል። እያንዳንዱን ለየብቻ ከለኩት የጥቂት ሚሊሜትር ስሕተት ተጠራቅሞ ግድግዳው ሲያልቅ ሴንቲዎች ይሆናል። የግድግዳ ውፍረት የሚታወቀው በበር ክፍተት ላይ ነው። የኮርኒስ ከፍታ በአራቱም ጥግና በመሃል ይወሰድ። ለወለሉ ደግሞ በውሃ ልክ ወይም በሌዘር በክፍሎቹ ሁሉ አንድ አግድም መስመር ምልክት አድርጎ፣ ከዚያ ወደ ታችና ወደ ላይ መለካት ነው። ያኔ የትኛው ክፍል በስንት ሴንቲ እንደሚያዘቀዝቅ በግልጽ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የጥግ ለጥግ ልኬት ነው። 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል ጥጎቹ ትክክለኛ ከሆኑ ከጥግ እስከ ጥግ 6 ሜትር ከ40 ሴንቲ ይሆናል። 6 ሜትር ከ45 ከተነበበ ክፍሉ ጠሟል ማለት ነው። አምስት ሴንቲ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን አምስት ሜትር የሚረዝመው ግድግዳ መጨረሻው ላይ ሰባት ሴንቲ ተኩል ገደማ ሸሽቷል። ሴራሚኩ ሲነጠፍ በአንድ በኩል ሙሉ ተጀምሮ በሌላው በኩል እየጠበበ የሚሄድ ቁራጭ የሚወጣው ከዚህ ነው። አስቀድሞ ከታወቀ የሴራሚኩን መስመር ከሚታየው ግድግዳ ጋር አስተካክሎ፣ ቁራጩን ቁምሳጥን ሥር መደበቅ ይቻላል።

ከቤቱ ከመውጣት በፊት አንድ ድምር ይሠራ፦ የክፍሎቹ ስፋትና የግድግዳዎቹ ውፍረት ተደምሮ ከውጭ ልኬቱ ጋር ይተያይ። ልዩነቱ እስከ ሁለት ሴንቲ ከሆነ የልስን ጉዳይ ነው። 15 ወይም 20 ሴንቲ ከጎደለ ግን የተረሳ ግድግዳ ወይም ቧንቧ የሚያልፍበት የተደፈነ ባዶ ቦታ አለ፤ እሱ ሳይገኝ መሄድ አይገባም።

ምርመራው ከልኬቱ ቀጥሎ ይመጣል። ሁለት ክፍል ይቀላቀልልኝ የማይል ባለቤት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የሚፈርስ ግድግዳ አይጠፋም። ግድግዳው ቀጭን መሆኑ ጭነት አልያዘም ለማለት አይበቃም። ላይኛው ፎቅ ላይ በልኩ ሌላ ግድግዳ ቆሟል ወይ? ሶሌታው፣ ማለትም ፎቆቹን የሚለየው የአርማታ ወለል፣ የተዘረጋው በየት በኩል ነው? ግድግዳው ከሶሌታው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ 30 በ30 ሴንቲ ያህል ልስኑን አንሥቶ ቢም (ጭነት የሚሸከም አግዳሚ) መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ሲሠራ ጭነት እንዳይዝ የታሰበ ግድግዳ እንኳ ሶሌታው በዓመታት ውስጥ ጎበጥ ሲል ተሸካሚ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ የስትራክቸር መሐንዲስ መጥቶ አይቶ መፈረም አለበት፤ ክፍያውም ከአርክቴክቱ ኪስ ሳይሆን ከውሉ ይውጣ። ድጋፍ ሳይቆም አንድ ብሎኬት እንዳይነሣ፣ አዲስ የተሞላ ቢም ሥር የቆመ ድጋፍም መሐንዲሱ ሳይፈቅድ እንዳይነቀል በስዕሉ ላይ ይጻፍ። ለአርማታ የታሰበው ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነውና የሠራተኛ ችኮላ እዚህ ቦታ የለውም። በአሮጌ ቤት ላይ የአስቤስቶስ ቆርቆሮ ወይም ቱቦ ከተጠረጠረ ተመርምሮ ሳይታወቅ አይበሳ፣ አይቆረጥ፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ገዳይ ነው።

ለመጠየቅ ቀላል፣ ለመሥራት ከባድ የሆነው ግን የሽንት ቤት መቀመጫን ማዛወር ነው። የፍሳሽ ቱቦው ብዙውን ጊዜ 110 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ፍሳሹ እንዲሄድ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ መውረድ አለበት። መቀመጫው ፍሳሹን ወደ ታች ከሚያወርደው ቋሚ ቱቦ 3 ሜትር ቢርቅ፣ በ2 ሴንቲ ሒሳብ ተዳፋቱ 6፣ ቱቦው 11፣ ከላይ የሚለብሰው ሲሚንቶና ሴራሚክ 5፣ ድምሩ 22 ሴንቲ ነው። ቱቦው ከሶሌታው በላይ የሚሄድ ከሆነ ወለሉ በዚያ መጠን ከፍ ይላል፤ ደጃፉ ላይ ደረጃ ይሠራል፣ ከኮርኒሱም ከፍታ ያን ያህል ይቀነሳል። የታችኛው ክፍል የራስ ከሆነ ቱቦውን ከሶሌታው ሥር አንጠልጥሎ በኮርኒስ መሸፈን ይቻላል፤ የጎረቤት ከሆነ ያለ ፈቃዱ አይሆንም። ቋሚው ቱቦ የት እንዳለ ሳያይ ዋጋ የቆረጠ አርክቴክት ይህን ሁሉ የሚያውቀው ስዕሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ድጋሚ የሚሥለውም በነፃ ይሆናል።

ወለል ላይ ወለል መደረብም እንዲሁ ነው። በ5 ሴንቲ ቢደረብ፣ 17 ሴንቲ የነበረው የመጀመሪያው ደረጃ 12 ይሆናል። እግር የደረጃውን ከፍታ ለምዶ ስለሚራመድ አንዱ ከሌሎቹ ሲለይ ሰው ይሰናከላል፤ አረጋዊ ባለበት ቤት ይህ አጥንት መሰበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ክፍያው። የሰዓት ዋጋቸውን ለማውጣት ለአንድ ባለሙያ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት ብለው 2,080 ሰዓት የሚያስቡ ቢሮዎች አሉ። በዓልና እረፍት 4 ሳምንት ቢወስድ፣ ከ40 ሰዓቱም ለደንበኛ የሚቆጠረው 26 ቢሆን፣ የሚሸጠው ሰዓት 1,248 ብቻ ነው፤ የቀረው በስልክ፣ በመንገድ፣ በሒሳብና ዋጋ በማቅረብ ያልቃል። የዓመቱን ደመወዝ፣ ኪራይ፣ ግብርና ትርፍ ለ2,080 ያካፈለ ቢሮ ከሚገባው 60 በመቶውን ብቻ እያስከፈለ ነው። ሥራ ሞልቶለት እያለ የሚዘጋ ቢሮ ብዙውን ጊዜ እዚህ ሒሳብ ላይ የተሳሳተ ነው።

ከግንባታው ወጪ በመቶኛ መዋዋል ለእድሳት አይስማማም። ወጪው ውል ሲፈረም አይታወቅም፤ አርክቴክቱ ደህና ዕቃ በመረጠ ቁጥርም ባለቤቱ ክፍያውን ለማሳደግ ነው ብሎ ይጠረጥራል። እኛ የሚሻለው ብለን የምናምነው ለልኬትና ምርመራው ቁርጥ ዋጋ፣ ለዲዛይኑ ሁለት ዙር ማሻሻያን ጨምሮ ቁርጥ ዋጋ፣ ለግንባታ ክትትሉ በሰዓት ወይም በጉብኝት ቁጥር ነው። የዲዛይኑ ዋጋ የሚቆረጠው የመጀመሪያው ሥራ ተጠናቆ ሲታይ ነው። የልኬቱ ስዕልም የባለቤቱ ንብረት ይሁን፤ ዋጋው ካልተስማማው ይዞት ወደ ሌላ አርክቴክት ይሂድ። ይህ ለባለቤቱ ዋስትና ነው፣ ቢሮውም የደከመበትን አግኝቷል። ለግንባታው መጠባበቂያ ለአዲስ ቤት 10 በመቶ ሊበቃ ይችላል፤ ለእድሳት ግን ከ15 እስከ 20 በመቶ እንዲያዝ እንመክራለን።

ለግንበኛው የሚሰጠው ስዕል ሦስት ዓይነት ይሁን፦ ያለው፣ የሚፈርሰው በተቆራረጠ መስመር፣ የሚሠራው። በአንድ ወረቀት ላይ ሲደራረብ የማይፈርሰው ይፈርሳል። ሥራ ከተጀመረ በኋላ ባለቤቱ ጠዋት ለግንበኛው በቃል የሚሰጠው ትእዛዝ ትልቁ የጠብ ምንጭ ነው። የሚለወጠው ነገር፣ ዋጋውና የሚጨምረው ቀን በአንድ ገጽ ሰፍሮ ሥራው ከመነካቱ በፊት ይፈረም። ቤተሰቡ እዚያው የሚኖር ከሆነ ወጥ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ በአንድ ጊዜ አይፍረሱ፤ ውሃ የሚዘጋባቸው ሰዓታትም ከዋዜማው ይነገሩ።

ግድግዳው ከመለሰኑና ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት እያንዳንዱ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ከጎኑ ሜትር ተዘርግቶ ፎቶ ይነሣ። ፎቶዎቹ ከመጨረሻው ስዕል ጋር ለባለቤቱ ይሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ቤቱን የሚያድሰው ባለሙያ ግድግዳውን ከመብሳቱ በፊት የሚያየው እነሱን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በመኖሪያ ቤት እድሳት ዲዛይን ሥራ ላይ የተሰማራን አርክቴክቶች