ሽንት ቤቱ ተዘጋ ብለህ አትፈር

ደብረ ብርሃን

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ውርጩ የጓሮውን ጎመን ለበለበው እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለም።

ሸዋሮቢት የተከራየኸው ቤት ሽንት ቤቱ ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ መሆኑን የሰማሁት ከእህትህ ነው። ለእኔ ለመንገር አፍረህ ኖሯል። ልጄ፣ አጥቤ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ፤ ከእኔ የምትደብቀው ምን አለ? ይበልጥ የከነከነኝ ግን አከራይህ እንዳይሰሙ ብለህ ማታ ማታ በረኪና እየደፋህበት መሆኑ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እኔም በዚህ ዕፍረት ሕይወቴን ላጣ ነበር።

አንተ ሕፃን ሳለህ ነው። በማግስቱ ማኅበር ልናወጣ እንግዳ ጠርተን፣ ሽንት ቤቱ ማታ ተዘጋ። ሰው ሳይሰማ ልጨርሰው ብዬ በረኪና ደፋሁበት። አልሄድ ሲለኝ ከሱቅ የገዛሁትን የማጽጃ አሲድ ጨመርሁበት። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጉሮሮዬን እንደ እሳት አቃጠለኝ፤ ዓይኔ አላይ አለ። አባትህ ክንዴን ይዞ ባያወጣኝ ኖሮ እንጃ። ሳምንት ሙሉ ሳልሁ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ እንደሚወጣ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። በማግስቱ የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ግን ምንም ኬሚካል አላስፈለገውም። ጫፉ በተቆለመመ ሽቦ ጎትቶ ያወጣት ያንተ ካልሲ ነበረች።

ስለዚህ በረኪናውን ዛሬውኑ አቁም፤ በላዩ ላይ ሌላ ምንም ነገር እንዳትጨምርበት። መስኮቱንና በሩን ክፈት። በረኪና የገባበት ውሃ ዓይንህ ውስጥ ቢረጭ ይጎዳሃልና፣ በላስቲክ ጓንት ሆነህ በአሮጌ ጆግ እየቀዳህ ወደ ባልዲ አውጣው። ከዚያ ንጹሕ ውሃ እስከ መቀመጫው ግማሽ ድረስ ጨምርበት። የታንከሩንም ውሃ ከጎኑ ባለው ቫልቭ ዝጋው፤ አንድ ጊዜ ቢለቀቅ ወለሉን ያጥለቀልቀዋል።

ከመቀመጫው ሥር ያለው ቧንቧ እንደ ከዘራ እጀታ የታጠፈ ነው። እዚያ እጥፋት ላይ ሁልጊዜ ውሃ ይተኛል፤ የጉድጓዱ ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚከለክለው ያ ውሃ ነው። ሶፍቱም ጨርቁም የሚቀረቀረው እዚያው ነው። ባለ እንጨት እጀታውን የሽንት ቤት መክፈቻ ጎማ ልኬልሃለሁ። ጎማው በውሃ መዋጥ አለበት፤ አየር ብቻ ከገፋህ ልፋትህ ከንቱ ነው። መጀመሪያ በዝግታ ተጫነው፣ ውስጡ ያለው አየር ይውጣ። ከዚያ አፉን ከቀዳዳው ሳታነሣ ወደ ታች ግፋ፣ ወደ ላይ ሳብ፤ 15 ወይም 20 ጊዜ። ሰው ሁሉ ጉልበቱን የሚጨርሰው በመግፋቱ ላይ ነው፤ የተቀረቀረውን የሚያላቅቀው ግን ብዙ ጊዜ መሳቡ ነው። ሲከፈት ውሃው በአንድ ጊዜ ጎርጎር ብሎ ሲወርድ ትሰማለህ። ወዲያው አንድ ባልዲ ውሃ ከወገብህ ከፍታ ባንድ ትንፋሽ ድፋበት።

አሁንም እንቢ ካለ ፈሳሽ ሳሙና በቡና ስኒ ልክ ጨምረህ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይ፤ ከዚያ እጅህ የሚችለውን ሙቅ ውሃ ድፋ። የፈላ ውሃ ግን እንዳትሞክር። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ እሱም ቢሆን ሴራሚኩን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያለው የሸዋሮቢቱ የፈላ ውሃ ደግሞ ከዚህም ይሞቃል።

የሻወሩም ውሃ አልወርድ ካለ፣ ወይም ግቢው ውስጥ ያለው ፖዜቶ ሞልቶ ካየኸው፣ ጎማ አይፈታውም። ብዙውን ጊዜ ጉድጓዱ ሞልቷል ማለት ነው፤ መምጠጫ መኪና መጥራት የአከራይህ ድርሻ ነው። አደራህን፣ የጉድጓዱን ክዳን ከፍተህ እንዳታጎነብስ፤ ዕቃ ቢወድቅብህም አትግባ። ውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን ሳያስበው ይጥለዋል፤ ላድን ብሎ የገባውም አብሮ ይቀራል። ይህን ስጽፍልህ እጄ ይንቀጠቀጣል።

አከራይህንም ሂድና «እትዬ፣ ሽንት ቤቱ ተዘግቶ ነበር» በላቸው። አምስት ተከራይ በሚጠቀምበት ቤት ማን እንደዘጋው ማን ያውቃል? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ሁሉም ግማሽ ጆግ እያፈሰሰ ይወጣል፤ ቆሻሻው ሩቅ ሳይሄድ መንገድ ላይ ይተኛል። አንድ ጀሪካን ውሃና ክዳን ያለው የቆሻሻ ባልዲ እዚያው አስቀምጡ። ሞዴስና ዳይፐር፣ ወፍራም ሶፍትም ቢሆን፣ ወደ ባልዲው ይሁን።

ጎማውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ነገ ጠዋት በሚነሣው ሚኒባስ ለሾፌሩ ሰጥቼዋለሁ። ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲናን ወርዶ እኩለ ቀን ሳይሆን ይደርስልሃል፤ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበለው። አብሮት ያለው ፌስታል ቆሎ ነው። ስትጨርስ እጅህን በሳሙና እስከ ክርንህ ድረስ ታጠብና ደውልልኝ፤ እስክትደውልልኝ ስልኩን ይዤ እቀመጣለሁ።

እናትህ