እምቢም ቢሆን በጽሑፍ ይሰጠን

ለዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የዓቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት
ሔግ

የጦርነት ተጎጂዎችን ቃል ተቀብለን ወደ እናንተ ስለምንልክ ጠበቆች ልጽፍላችሁ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በተቆረጠ ቀን መልስ ስጡን።

ፍርድ ቤታችሁ የተመሠረተበት የሮም ስምምነት አንቀጽ 15 ማንም ሰው መረጃ እንዲልክላችሁ ይፈቅዳል። ምርመራ ለመክፈት በቂ መነሻ ካላገኛችሁ ደግሞ ለላኪው እንድታሳውቁ ያስገድዳችኋል። እስከ መቼ ድረስ? እሱን አይናገርም። ምርመራ ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚለው የሚለይበት የኮሎምቢያው ቅድመ ምርመራ በ2004 ተጀምሮ የተዘጋው በ2021 ነው። የናይጄሪያው በ2010 ተከፍቶ "ምርመራ ለመክፈት መስፈርቱ ተሟልቷል" የተባለው በ2020 መጨረሻ ነው (ዓመቶቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)።

ይህ ዝምታ የሚያርፈው በእኛ ላይ ነው። ልጇን የቀበረች እናት "ምን ደረሰ?" ብላ የምትደውለው ቃሏን ለተቀበላት፣ ስታለቅስ ብዕሩን አስቀምጦ ለጠበቃት ሰው ነው። የእናንተን ስልክ ከወዴት ታመጣዋለች? የስምምነቱ አንቀጽ 29 ወንጀሉን ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) እንዳያግደው አድርጓል። ምስክሩ ግን ያረጃል፣ ይሰደዳል፣ ይሞታል።

በ2022 ከአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ትብብር ተቋም ከዩሮጀስት ጋር ባወጣችሁት መመሪያ የተጎጂን ቃል ደጋግመን ከመቀበል እንድንቆጠብ መክራችሁናል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ቁስልን መነካካት ነውና። ነገር ግን ፋይሉ አሥር ዓመት ከተኛ በኋላ መርማሪ ሲመጣ ያችን ሴት እንደገና "ከመጀመሪያው ንገሪን" ማለቱ አይቀርም።

የቻዷ ጠበቃ ዣክሊን ሙዴና በ2001 በእጅ ቦምብ ቆሰሉ። የቀድሞውን የቻድ መሪ የሂሴን ሃብሬን ተጎጂዎች ወክለው ሴኔጋል ዳካር ላይ የዕድሜ ልክ ፍርድ የሰሙት በ2016 ነው፤ ያም በእናንተ ችሎት አይደለም። ኮብሌንዝ የሚገኘው የጀርመን ፍርድ ቤትም በ2022 አንድ የሶርያ የደኅንነት ኮሎኔል በዕድሜ ልክ እስራት ሲቀጣ ማስረጃው እንዲሰበሰብ ከደከሙት መካከል የሶርያ ጠበቆች ነበሩ።

የሥራ ጫናችሁን፣ የበጀታችሁን ጥበት አላጣሁትም። ስለዚህም ምርመራ በግድ ክፈቱ አልልም። ለተላከላችሁ ማስረጃ በየዓመቱ የት እንደደረሰ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጻፉ። የማትቀበሉት ከሆነም ምክንያታችሁን ጨምራችሁ "አንቀበልም" በሉን። ቁርጡን ያወቀ ጠበቃ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ ፋይሉን ይዞ የሌላ አገር ፍርድ ቤት በር ማንኳኳት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የተጎጂዎች ጠበቃ