ታንኳ ላይ የሚወጣ ሳጥን፦ የሥራ ፈጠራና ቴክኖሎጂ ክበብ ዘንድሮ

«የእናንተ ክበብ ግን ምንድን ነው የሚሠራው?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ይኸው መልሴ።

ጥቅምት ላይ በ23 ተማሪዎች ጀመርን። አመራር መረጥን፣ ደንብ ጻፍን፣ ዕቅድ አስገባን። ሐሙስ ሐሙስ ተሰበሰብን። ይሄ የሁሉም ክበብ ወግ ስለሆነ ልለፈው።

የልጆቹ የመጀመሪያ ሐሳብ የስልክ መተግበሪያ ነበር። የጣና ዓሣ አጥማጅ ከባሕር ዳር ምግብ ቤቶች ጋር በቀጥታ ይገናኛል፣ ደላላ ይቀራል። እኔም ወድጄው ነበር። ሁለት ወር ለፉበት። ከቤተ ሙከራው ኮምፒውተሮች የሚሠሩት አራት ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ እነሱም የሉም። ልጆቹ ግን ገጹን ደብተር ላይ በእርሳስ እየሣሉ ቀጠሉ። ስለዚህ ትውልድ ስንፍና ሲወራ የሚያመኝ ለዚህ ነው።

ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ወደ ሐይቁ ወረድን። አንድ አረጋዊ አጥማጅ ታንኳቸውን እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ እያቆሙ ነበር። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ካልደረቀ ይከብዳል። ልጆቹ ስልኩን ሰጧቸው። እርጥብ ጣታቸውን አሳረፉበት፤ ስክሪኑ አልታዘዘም። ጣታቸውን በልብሳቸው ጠርገው ደገሙት። አሁንም እምቢ አለ። ሁሉም ባንድ ላይ ማስረዳት ጀመረ።

ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ አለችን። ስልኩን ተቀብላ ኪሷ ከተተችው። ዓሣው አጠገብ ቁጢጥ አለችና፣ «አባባ፣ ትናንት ያልተሸጠው ምን ሆነ?» አለቻቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ ማዳበሪያውን ገለጥ አድርገው አንድ ቆሮሶ አወጡ። ሆዱን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። የጣታቸው ምልክት እንደ ጎደጎደ ቀረ። «የኔ ልጅ፣ ገዢስ አይጠፋም። ፀሐይዋ ናት የምትቀድመኝ» አሏት።

የሁለት ወር ሥራ በአንድ ጥያቄ ተናደ። በባጃጅ ስንመለስ የተናገረ የለም። እኔ ግን ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ በስልክ ገንዘብ የሚላክበትን የኤምፔሳን ታሪክ ነገርኳቸው። የስልክ ኩባንያው ሳፋሪኮም ኬንያ ውስጥ በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ከማድረጉ በፊት፣ ሲሞከር የታሰበው አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ክፍያቸውን በስልክ እንዲመልሱበት ነበር። ሰዉ ግን እርስ በርሱ ገንዘብ ይላላክበት ጀመር። ባለቤቶቹ ይህን አይተው ሥራውን ወደዚያው አዞሩት። ልጆቹ ገባቸው። መተግበሪያውን ተዉትና በረዶ የሚይዝ ሳጥን መሥራት ያዙ።

የመጀመሪያው ከጣውላ ነበር። አባባ በሁለት እጃቸው አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። «ይሄ ለጀልባ ነው፤ የኔን ታንኳ ያሰምጠዋል» አሉ። ክብደት የሚባል ነገር ማናችንም አላሰብንም ነበር። ሁለተኛው ከፎም ብቻ ተሠራ፤ አፈሰሰ። ሦስተኛው ፎሙ በላስቲክ ተጠቅልሎ ማዳበሪያ ውስጥ ተሰፋ። መጋቢት ላይ፣ የጾም ገበያ በደራበት ሰሞን፣ ንጋት ላይ በረዶ ሞላንበት። እኩለ ቀን ላይ ስንከፍተው በረዶው አልቀለጠም። ልጆቹ የጮኹትን ጩኸት እዚህ ልጽፈው አልችልም።

ሰባት ልጆች «ሳጥን ቴክኖሎጂ አይደለም» ብለው ለቀቁ። ቀድሜ ማስረዳት ነበረብኝ። በኤግዚቢሽንም አልተመረጥንም። የባጃጁ፣ የበረዶውና የላስቲኩ ወጪ ከልጆቹና ከእኔ ኪስ ነው የወጣው። ለክበባት የተያዘው ገንዘብ ኳስና ማሊያ ላይ ያልቃል። ስፖርት ይቀነስበት አልልም፤ ግን እኛም ክበብ ነን።

ለልጆቹ «በነጻ ሲሰጡት ያመሰገነ ሁሉ ገዢ አይደለም» እላቸው ነበር። ሰኔ መግቢያ ላይ አባባ ደወሉ። የሳጥኑ ጠርዝ ተነቅሏል፤ ሁለት ጓደኞቻቸውም ይፈልጋሉ። «ዋጋው ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ያቺ ልጅ አሁን እሱን እያሰላች ነው።

ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ የምትገዙ ወላጆች፣ ከካርቶኑ የሚወጣውን ፎም አትጣሉት። በር ላይ ለጥበቃው ስጡልን።