የጫማዬ ክር አልተፈታም ነበር

አባዬ፣

እንደምን አለህ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ምን እየጻፍሽ ነው?» አልከኝ። «ስለ እኛ ቤት» አልኩህ። ትንሽ ዝም አልክ። ከዚያ «የቤት ገበና አደባባይ አይወጣም፣ ልጄ» ብለህ ወሬውን ወደ ዝናቡ ወሰድከው። ያኔ መልስ አልነበረኝም። አንተ ፊት አፌ እንደሚተሳሰር ታውቃለህ። ለዚህ ነው በደብዳቤ የመጣሁብህ።

ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1948 የሠሩት «የብስክሌት ሌቦች» የሚባል ፊልም አለ። ዳይሬክተሩ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ነው። ጦርነቱ አልቋል፤ ሮም ውስጥ ሥራ የለም። አንድ አባወራ ስንት ጠብቆ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ግን የሚቀጠረው ብስክሌት ያለው ነው። የሱ ብስክሌት ደግሞ መያዣ ተይዟል። ሚስትየው የአልጋ አንሶላዎቹን ገፍፋ ወስዳ ታስይዝና ብስክሌቱ ይለቀቃል። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ አባት ትንሽ ልጁን አስከትሎ ከተማውን ሲያስስ ነው። ታሪኩ ይኸው ነው።

እኔን የያዘኝ አንድ አጭር ቦታ ነው። አንሶላዎቹን የተቀበለው ሠራተኛ ጥቅሉን ይዞ መደርደሪያው ላይ ይወጣል። ይወጣል፤ አሁንም ይወጣል። መደርደሪያው እስከ ላይ ድረስ የሰው አንሶላ ነው። ስለዚያ አገር ብዙ ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ እንደዚያ መደርደሪያ የነገረኝ የለም። የአንድ ቤት አልጋ ራቁቱን ሲቀር የቤቱ ጉዳይ ነው። ያ ሁሉ አልጋ ራቁቱን ሲቀር ግን ስሙ አገር ነው።

እኛ ቤትም የሚወጣ ዕቃ ነበር። የእማዬ ቀለበት «ጠፋ» የተባለ ጊዜ እኔና ወንድሜ አልጋ ሥር ገብተን ስንፈልግ ዋልን። እማዬም አብራን ፈለገች። ዛሬ ድረስ የሚከብደኝ እሱ ነው፤ አብራን መፈለጓ።

ሕንዳዊው ሳትያጂት ራይ «ፓተር ፓንቻሊ»ን ሲሠራ ገንዘብ አልቆበት የሚስቱን ጌጣጌጥ አስይዟል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1955 ወጣ፤ ስለ አንድ የቤንጋል ገጠር ድሃ ቤተሰብ ነው። ስለ ማጣት የሚያወራ ፊልም ራሱ በመያዣ ተሠራ! ይህን ሳነብ የእማዬ ጣት ነው ትዝ ያለኝ።

አሁን ወደ አንተ ነገር ልምጣ። ገበና ያልከው ቃል ያንተ ብቻ አይደለም። መንግሥታትም ይሉታል። ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1952 «ኡምቤርቶ ዲ»ን አወጣ፤ ጡረታው ለኪራይ አልበቃው ስላለ አንድ ሽማግሌ ነው። በመንግሥት በኩል የሲኒማ ኃላፊ የነበረው፣ በኋላም ደጋግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ጁሊዮ አንድሬዮቲ በጋዜጣ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈበት። ዓለም ጣሊያንን እንዲህ አድርጎ ካሰባት ዴ ሲካ ለአገሩ መጥፎ ውለታ ዋለ፣ የሚል ነው ነገሩ። ቁርጥ አንተን! እዚያው ዓመት አንድ የእንግሊዝ መጽሔት የዓለም የፊልም ሐያሲዎችን ምርጣችሁ የቱ ነው ብሎ ሲጠይቅ «የብስክሌት ሌቦች» አንደኛ ወጣ። አገር ያፈረበት ችግር የአገር መታወቂያ ሆኖ አረፈ።

አሜሪካም ያው ነው። ደራሲው ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1939 ከመሬታቸው ተነቅለው ወደ ካሊፎርኒያ ስለተሰደዱ ገበሬዎች ልብ ወለድ ሲያወጣ፣ እዚያው ካሊፎርኒያ የከርን ካውንቲ አስተዳደር መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍቱ አስወጣው። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ተዋናይቷ ናርጊስ የፓርላማ አባል ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ራይን ድህነታችንን ለውጭ ይሸጣል ብላ ከሰሰችው። የሚያስቀው፣ እሷ ራሷ ስሟ የሚነሳው ልጆቿን በመከራ ያሳደገች ገበሬ እናት ሆና በሠራችው ፊልም ነው።

ግን አባዬ፣ አንተም ሆንክ ናርጊስ ሙሉ በሙሉ ተሳስታችኋል አልልም። ችግርን የሚሸጥ ሰው አለ። ካሜራውን በር ላይ ያቆምና ዝንብ ይቆጥራል። እንዲህ ዓይነቱን ሳይ እኔም ቴሌቪዥኑን እዘጋለሁ። ራይ ግን እቤት ገብቶ ይቀመጣል። ልጆቹ ባቡር ለማየት ሲሮጡ አብሯቸው ይሮጣል። የተራበ ሰው የሚስቅበትም ቀን እንዳለው ያውቃል። የእኛም ቤት ይስቅ ነበር እኮ፤ ይኼን የሚጽፍልን ሰው ካጣን ነው የማዝነው።

ሌላም ልመንልህ። ፊልም ለባለታሪኩ ዳቦ አይሆንም። በ«የብስክሌት ሌቦች» አባትየውን ሆኖ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ የእውነት የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፊልሙ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ፤ ኋላ ግን ከሥራ ተቀነሰ። ስለዚህ እኔ ስጽፍ ያ የችግራችን ዓመት ይካሳል ብዬ አይደለም። አይካስም።

በነገራችን ላይ፣ ባለፈው ዓመት ያለ ወትሮዬ በሥራ ቀን ደውዬልህ «ዛሬ ምን ተገኘ?» ብለኸኝ ነበር። የኦዙን «የቶክዮ ታሪክ» የሚባል ፊልም አይቼ ጨርሼ ነው። ሽማግሌ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ልጆቹ ጊዜ የላቸውም። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሥራ ይዟቸው ነው። የጃፓን ፊልም እያየሁ መሆኔን ረስቼው ነበር። ያኔ አልነገርኩህም፣ አፍሬ።

እሺ፣ ዋናውን እያዞርኩ ነው።

በዚያ የጣሊያን ፊልም መጨረሻ ላይ ተስፋ የቆረጠው አባት እሱም በተራው ብስክሌት ይሰርቃል። ወዲያው ይያዛል። ሰው ከቦ ይመታዋል፣ ባርኔጣው ይወድቃል። ልጁ ይህን ሁሉ ያያል። ባለንብረቱ የልጁን ልቅሶ አይቶ ነው አባትየውን የሚለቀው። ከዚያ ሰው መሐል አብረው ይሄዳሉ። አባት ያለቅሳል። ልጁ እጁን ይይዘዋል።

አንተ ማንንም አልሰረቅህም። ያ ሥራ ያጣህበት ዓመት ግን፣ በየጠዋቱ ሸሚዝህን ተኩሰህ እንደ ሠራተኛ ትወጣ ነበር። አንድ ቀን እኔን ይዘኸኝ ሄድክ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መሥሪያ ቤቱን ስሙን አልጽፈውም። ጥበቃው «አንተ ሰውዬ፣ ነገርኩህ እኮ!» ብሎ ደረትህን ገፋህ፤ ወረቀቶችህ መሬት ላይ ተበተኑ። አንድ በአንድ ለቀምካቸው። ዞር ስትል እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ሳስር አገኘኸኝ። «እሰይ፣ አላየችም» ያልክ መሰለኝ፤ ፊትህ ፈታ አለ። መንገዱን በሙሉ ቀልድ ስታወራልኝ መጣህ፣ እኔም ሳቅሁልህ።

ክሩ አልተፈታም ነበር፣ አባዬ። አይቻለሁ።

ይኼን ሃያ ምናምን ዓመት ይዤው ኖርኩ። አንተ እንዳላየሁ ታስባለህ፤ እኔ እንዳላየሁ እሆናለሁ። ፊልሙ ላይ ልጁ የአባቱን እጅ ሲይዝ፣ እኔ ያን ቀን ያልያዝኩት እጅ ነው የታየኝ።

የጻፍኩትን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ካንተ በፊት ማንም አያነበውም። መነጽርህን አድርግና እስክሪብቶ ይዘህ ተቀመጥ። ጥበቃውን ማውጣት ትችላለህ። ወረቀቶቹንም፣ የእማዬን ቀለበትም ሰርዝ ካልክ ሰርዝ። የጫማውን ክር ግን ተወልኝ፤ እሱ የኔ ገበና ነው።

ልጅህ