ቆዳው የሚበላሸው ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት ነው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

መንግሥት ኢኮኖሚውን በቀጥታ መምራቱ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር ሰሞኑን በጋዜጣችሁ ላይ ሲስተናገድ በጥሞና ተከታትያለሁ። አንዱ ወገን የጅቡቲን ባቡር፣ የሕዳሴ ግድብንና የኢንዱስትሪ ፓርኮችን እየጠቀሰ ይሟገታል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ሳይጠናቀቁ የቀሩትን የስኳር ፕሮጀክቶችና የያዩን የማዳበሪያ ፋብሪካ እያነሣ ሁሉም ነገር ለገበያው ቢተው ይሻል ነበር ይላል። ሁለቱም የሚያነሡት እውነት ነው። ነገር ግን ክርክሩ በዚህ መልኩ በጥቅሉ እስከቀጠለ ድረስ የት ላይ እንደተሳሳትን ለይተን የምናውቅ አይመስለኝም። ስለዚህ ብዙ ዓመት በጥራት ምደባ ላይ ስለሠራሁበት ስለ ቆዳው ዘርፍ ብቻ እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

ቆዳና የቆዳ ውጤቶች በ1990ዎቹ አጋማሽ በወጣው የኢንዱስትሪ ልማት ስትራቴጂ ቅድሚያ ከተሰጣቸው ዘርፎች አንዱ ነበሩ፤ ምርጫውም ተገቢ ነበር። በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ነን። የባቲ የፍየል ሌጦ በዓለም የቆዳ ገበያ በስሙ የሚጠራ ነው፤ የደጋ በጎቻችን ሌጦ ደግሞ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ሠሪዎች ተፈላጊ ነው። መንግሥት ይህን ሀብት በጥሬው ከመላክ ይልቅ እሴት ጨምረን እንድንልከው በመፈለግ በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ ጣለ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ታክሱ ክረስት የሚባለውን፣ ማለትም ተለፍቶ የደረቀ ግን የመጨረሻው ማሳመሪያ ያልተሠራለትን ቆዳ ደረጃም እንዲጨምር አደረገ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ማብቂያ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ ዘርፉ በዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስገኛል ተብሎ ነበር። የተገኘው ግን ከ130 ሚሊዮን ዶላር ብዙም ያልራቀ ነው።

ይህን ያህል ልዩነት በፋብሪካዎቹ ድክመት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። በምደባ ጠረጴዛ ላይ የቆመ ሰው ችግሩን በእጁ ይዳስሰዋል። የበግ ሌጦ ፀጉሩ ተነሥቶ፣ ኖራው ታጥቦ ሲቀርብ ገጹ ላይ የስፌት መርፌ ራስ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እኛ እከክ የምንለው ይህ ነው፤ በጉ በሕይወት ሳለ ቅማልና መሰል ተባዮች ያደረሱበት ጉዳት ሲሆን፣ ሌጦው በፀጉሩ እንዳለ በሚገዛበት ጊዜ በዓይን አይለይም። ቀጥሎ የቢላዋ ጭረት አለ። በየቤቱ የሚታረደው በግ ቆዳው ከተከፈተ በኋላ በጡጫ እየተገፋ ቢገፈፍ ንጹሕ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ በችኮላ በቢላዋ ስለሚገፈፍ ግን መካከሉ ላይ ይቀደዳል። ከዚያ ጨው ሳይነሰነስበት ፀሐይ ላይ ይውላል ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ ያድራል፤ በማግስቱ ፀጉሩን ሳብ ስታደርጉት ከነሥሩ ይነቀላል። እንዲህ ያለውን ሌጦ የትኛውም ኬሚካል፣ የትኛውም የጣሊያን ማሽን አንደኛ ደረጃ ሊያደርገው አይችልም። ከአንድ ሙሉ ጭነት ለጓንት የሚሆነውን ለቅሜ ሳወጣ፣ የቀረው ለገበር ወይም ለውዳቂ የሚሄደው ክምር ሁልጊዜ ያሳዝነኝ ነበር።

የወጪ ንግድ ታክሱ ይህን ችግር አልነካውም፤ እንዲያውም አባብሶታል ብዬ አምናለሁ። የውጭ ገዢ ከገበያው ሲወጣ የጥሬ ቆዳ ዋጋ በአገር ውስጥ ወረደ፤ ዓላማውም ፋብሪካዎች በርካሽ ግብዓት እንዲጠናከሩ ነበር። ነገር ግን በጉን የሚያረባው ገበሬም ሆነ ለበዓል የሚያርደው አባወራ በጉን ለሌጦው ብሎ አያርደውም። ዋጋው ሲወድቅ የሚያስቀረው ትርፍ ሳይሆን ጥንቃቄውን ነው፤ ጨው መግዛቱን ይተዋል፣ ሰብሳቢውን መጠበቁን ይተዋል። ዛሬ ከፋሲካ ወይም ከአዲስ ዓመት ማግስት በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ተጥሎ የሚታየው የበግ ሌጦ የዚህ ውጤት ነው። በዚያው ሳምንት ፋብሪካዎቻችን የጥሬ ዕቃ እጥረት አለብን ይላሉ፤ ሁለቱም ነገር በአንድ ጊዜ እውነት መሆኑ ፖሊሲ አውጪዎችን ሊያሳስባቸው ይገባ ነበር።

በአንጻሩ የአበባውን ዘርፍ እንመልከት። መንግሥት መሬት ሰጠ፣ ልማት ባንክ አበደረ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጭነቱን ወደ አውሮፓ አደረሰ፤ አገሪቱም ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ለመሆን በቃች። ያው መንግሥት፣ ያው የባንክ ብድር ነው። ልዩነቱ የአበባው ምርት ከችግኝ እስከ ማሸጊያ ድረስ በአንድ አጥር ውስጥ፣ በአንድ ባለቤት እጅ መሆኑ ነው። ቆዳው ግን ከሚሊዮን ጓሮ የሚሰበሰብ ነው። መንግሥታችን ለአንድ ባለሀብት መሬትና ብድር መስጠት ያውቅበታል፤ ሚሊዮን ቤቶች ዘንድ የሚደርስ ሥራ ላይ ግን፣ ከእርሻው ኤክስቴንሽን በስተቀር፣ እምብዛም አልበረታም።

በፕሬዝዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ዘመን የነበረችው ደቡብ ኮሪያ ሁልጊዜ በምሳሌነት ትጠቀሳለች። እዚያም መንግሥት በርካሽ ወለድ አበድሯል፤ ብድሩ ግን ወደ ውጭ ከሚላከው ምርት ጋር የተቆራኘ ነበር፣ ፕሬዝዳንቱ ራሳቸው በሚመሩት ወርኃዊ ስብሰባም አፈጻጸሙ ይገመገም ነበር። እኛ ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን የብሔራዊ ባንክ ቦንድ እንዲገዙ አስገድደን ለልማት ባንክ ገንዘብ ስናሰባስብ፣ ሸክሙን የተሸከመው ብድር ያጣው ትንሹ ነጋዴ ነበር። በዚያ ገንዘብ ማን ምን እንደሠራበት፣ ያልሠራውስ ምን እንደደረሰበት ሕዝብ የማወቅ መብት ነበረው።

ሆኖም ሁሉም ለገበያው ይተው ከሚሉት ጋርም አልስማማም። እከክን ገበያ አያጠፋውም። አንድ ፋብሪካ በራሱ ወጪ የአንድ ወረዳ በጎችን የተባይ መድኃኒት ቢያስረጭ ሌጦውን የሚገዛው ሌላ ፋብሪካ ሊሆን ስለሚችል፣ ማንም ባለሀብት ይህን ወጪ ደፍሮ አያወጣም። ይህ የእንስሳት ሐኪም፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትና የመንግሥት በጀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በአንዳንድ ክልሎች የተባይ መከላከል ሥራው ተሞክሮ ነበር፤ በፕሮጀክት መልክ ተጀምሮ ከፕሮጀክቱ ጋር ባያበቃ ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር እናወራ ነበር።

ስለዚህ የኢንዱስትሪ ሚኒስቴርም ሆነ የግብርና ሚኒስቴር በዚህ ጉዳይ ላይ በጋራ መልስ ቢሰጡን እወዳለሁ። በተለይ ሰብሳቢው ሌጦን በቁጥር ሳይሆን በደረጃ እንዲገዛ፣ ያልተጨረና ጨው የተነሰነሰበት ሌጦ ያቀረበ ሰው በግልጽ የተለጠፈ የተሻለ ዋጋ እንዲያገኝ የሚያደርግ ሥርዓት ለመዘርጋት ምን ታስቧል? የታክሱ ገቢስ ለእንስሳት ሕክምናና ለወረዳ ከተሞች ቄራዎች ግንባታ የዋለበት ጊዜ አለ? ጋዜጣችሁ ለመጪው በዓል ዘጋቢ ቢመድብና ከአንድ ቤት የወጣን ሌጦ እስከ ሞጆ ፋብሪካዎች ድረስ ተከትሎ በየደረጃው ስንት እንደተከፈለበት ቢያሳየን፣ ለኃላፊዎቹ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ለመቅረብ በቂ ማስረጃ ይኖረዋል።

ከአክብሮት ጋር
በቆዳ ጥራት ምደባ የሠራ አንባቢያችሁ፣ ከሞጆ